የቀረጥ መዳቢው ዜና ሕይወትና የአንድ መስመር እርማት

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦች፣ ከቅርብም ከሩቅም ይህን ሰው ለመሸኘት እግራችሁን ያነሣችሁ ሁሉ፤ አሁን የሚነበብላችሁ በሰባ አንድ ዓመታቸው የተለዩን የጉምሩክ ታሪፍ መዳቢ የሕይወት ታሪክ ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀችው ትልቋ ልጃቸው ናት። አንባቢው ደግሞ ታናሽ ወንድማቸው፣ ያ በገበያው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት ያለው ፎቶ አንሺ ነው፤ ለምን እሱ እንደተመረጠ ቢጠይቅ፣ ከቤተሰቡ ድምፁ የሚሰማው የእሱ ስለሆነ ነው ተባለ። ወረቀቱ ትናንት ከሰዓት በኋላ እጁ ሲገባ ግን በሁለተኛው ገጽ ላይ እውነት ያልሆነ አንድ መስመር አገኘ። መስመሩ እውነት አለመሆኑን ከሟቹ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ወረቀቱን የያዘው ነው። ስለዚህ ተራው ሲደርስ እንደተጻፈው አይነበብም፤ ጸሐፊዋን ሳያስፈቅድ ይህን በማድረጉም አስቀድሞ ይቅርታ ይጠይቃል።

እኚህ ሰው ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። እናታቸው የሰው ልጅ ለመቀበል በየጊዜው ከቤት ስለሚጠሩ፣ ልጅነታቸውን በአብዛኛው ያሳለፉት ከአባታቸው የስፌት መኪና ሥር፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በተጠራቀመ የአዝራር ክምር ፊት ተቀምጠው ነው። አባትየው ልጁ ዝም እንዲልላቸው ብቻ ብለው የሰጧቸውን አዝራር እሳቸው በቀለም ከለዩ በኋላ አፍርሰው በቀዳዳው ቁጥር፣ ያንንም አፍርሰው የቀንዱን ከላስቲኩ፣ የላስቲኩን ከብረቱ ይለዩት ነበር፤ አንድ ቀን ባለ ሦስት ቀዳዳ አዝራር ቢያጋጥማቸው የት እንደሚያስቀምጡት ጨንቋቸው ምሳ አልበላም ማለታቸውን እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ እየሳቁ ያወሩት ነበር። በስድስት ዓመት የሚያንሳቸው ታናሽ ወንድማቸው በበኩሉ ተለይቶ ያለቀውን ክምር በሁለት እጁ ማተራመስ ይወድ ነበር። እሳቸውም አንድ ቀን እንኳ ሳይቆጡት፣ "አንተ ባትደባልቀው እኔ ምን እሠራ ነበር?" ብለው ከመጀመሪያው ይጀምሩ ነበር።

ለትምህርት በደረሱ ጊዜ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት በማዕረግ አጠናቀዋል። ታናሽ ወንድማቸውን እጁን ይዘው ወስደው ያስመዘገቡት፣ የቤት ሥራውን ሳይሠሩለት ነገር ግን ሠርቶ እስኪጨርስ ከአጠገቡ ሳይነሡ ያሠሩት፣ በኋላም ከመጀመሪያ ደመወዛቸው ቀንሰው አንድ ያገለገለ ካሜራ የገዙለት እሳቸው ናቸው። ታናሹ ሰው የሆነው በዚያ ካሜራ ነው።

በሃያ አንድ ዓመታቸው በረዳት ጸሐፊነት ወደ ጉምሩክ መሥሪያ ቤት ገብተው፣ ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ታሪፍ ምደባ ክፍል ተዛወሩ። ለማታውቁ፣ የታሪፍ መዳቢ ማለት ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምን እንደሆነ የሚወስን ሰው ነው፤ ምንነቱ ካልታወቀ ስንት ቀረጥ እንደሚከፈልበት አይታወቅምና። ጎማ ያለው የሕፃን አልጋ የቤት ዕቃ ነው ወይስ ጋሪ? በባትሪ የሚዘምር አሻንጉሊት አሻንጉሊት ነው ወይስ ሙዚቃ ማጫወቻ? ሌላው በአምስት ደቂቃ የሚያልፈውን እንዲህ ያለ ነገር እሳቸው በማጉያ መነጽር አይተው፣ በማስመሪያ ለክተው፣ በትንሿ ሚዛናቸው መዝነው፣ አባታቸው ጀርባውን በጫማ ክር የሰፉላቸውን ወፍራም የታሪፍ መጽሐፍ ገልጠው፣ አንቀጹን በጣታቸው ተከትለው ካላነበቡ በስተቀር ፊርማቸውን አያኖሩም ነበር። ባልደረቦቻቸው ጋሼ አንቀጽ የሚል ስም ያወጡላቸው በዚህ ነው። አንድ ነጋዴ ጠረጴዛቸው ላይ የረሳ መስሎ የተወውን የሚያምር እስክሪብቶ ይዘው ሦስት ፎቅ በሩጫ ወርደው በር ላይ እንደደረሱበት፣ ሰውየውም በኃፍረት እንዳመሰገናቸው የዚያን ጊዜው ዘበኛ ይመሰክራሉ፤ ዛሬም ከመካከላችን አሉ።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው የሒሳብ መምህርት ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። በሠርጉ ዕለት ጓደኞቻቸው ሙሽራይቱን በየትኛው የታሪፍ መስመር እንደመደቧቸው ቢጠይቋቸው፣ ጥቂት አስበው ከቀረጥ ነፃ መሆናቸውን፣ ነገር ግን ወደ ላኪው እንደማይመለሱ አስታወቁ። በቤታቸውም እንዲሁ ነበሩ፤ ልጆቹ በአንድ ባለ መንኮራኩር ዳክዬ ቢጣሉ፣ የማን ነው ከማለታቸው በፊት ምንድን ነው ብለው ይጠይቁ ስለነበር፣ መልሱ እስኪገኝ ጠቡ ይረሳ ነበር። ባለቤታቸው በዚህ ጠባያቸው አንዳንድ ቀን ቢበሽቁም፣ ይህ ሰው አንድ ቃል ከተናገረ ያ ቃል እንደማይነቃነቅ ያውቁ ነበርና ተደግፈውበት ኖሩ።

አሁን ስለ ፊልም መናገር ግድ ነው። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ በፊልም ይነሣ እንደነበር ወጣቶቹ ሰምታችሁ ይሆናል። የታሪፍ መጽሐፉ ፊልምን በሁለት መስመር ይከፍለው ነበር። ብርሃን ያልነካው፣ ማለትም ገና ፎቶ ያልተነሣበት ፊልም ከሽቶና ከጌጣጌጥ ጋር እንደ ቅንጦት ተቆጥሮ ከዋጋው ግማሽ ያህል ቀረጥ ይጣልበት ነበር። ፎቶ የተነሣበትና ለመታጠብ የሚጠብቀው ግን የአንድ ሰው ድካምና ትዝታ ነው ተብሎ ያለ ቀረጥ ያልፋል። ችግሩ ሁለቱን ዓይን የማይለያቸው መሆኑ ነው፤ ላጣራ ብሎ ጥቅሉን በብርሃን የሚከፍት ሰው ያልተነሣውን ያበላሸዋል፣ የተነሣውንም ያጠፋዋል። ከውጭ የሚታየው ምልክት አንድ ብቻ ነበር። ባልተነሣ ጥቅል ላይ የፊልሙ ጫፍ፣ ፎቶ አንሺዎች ምላስ የሚሏት፣ ከቆርቆሮው ብቅ ብላ ትታያለች፤ ተነሥቶ ሲያልቅ ግን ተጠቅልላ ትገባለች።

ታናሽ ወንድማቸው ያን ጊዜ ፎቶ ቤቱ ሊዘጋበት ተቃርቦ ነበር። የፊልም ቀረጥ ከተጨመረ ወዲህ ደንበኛው አንድ ጉርድ ፎቶ ለመነሣት እንኳ ሦስት ጊዜ ያስብ ጀመር፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ተፎካካሪው ደግሞ ፊልሙን ከየት እንደሚያመጣው አይታወቅም፣ በግማሽ ዋጋ ያነሣል። ታናሹ በአንድ ሠርግ ሰበብ ለአንድ ወር ወደ ውጭ አገር ወጣ። እውነቱ ግን ሠርግ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለት መቶ አርባ ጥቅል አዲስ ፊልም ገዝቶ፣ በተከራየው ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቶ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጠ፤ የወረቀት ካርቶናቸውን አንድ በአንድ ቀዶ ጣለ፣ የእያንዳንዱን ጥቅል እንብርት በአውራ ጣቱ እያዞረ ምላሱን ወደ ውስጥ አስገባ፣ በየቆርቆሮው ላይም "ሠርግ፣ የመጀመሪያ ቀን"፣ "ሠርግ፣ የሙሽራ ዘመዶች"፣ "ምርቃት" ብሎ ጻፈበት። አውራ ጣቱ ውኃ ቋጥሮ ነበር። ተመልሶ በጉምሩክ አዳራሽ በቆመ ጊዜ ሻንጣው የተመራው ወደ ታላቅ ወንድሙ ጠረጴዛ ነው፤ አጋጣሚ እንዳይመስላችሁ፣ የእሳቸውን ተረኛ ቀን ጠብቆ ነው የመጣው።

ጋሼ አንቀጽ ወንድማቸው ነው ብለው ፍተሻውን አላቀለሉም። ጥቅሎቹን ቆጠሩ፣ ምላሳቸው መግባቱን አዩ፣ ጽሑፉን አነበቡ፣ ከዚያም እንደ ማንኛውም መንገደኛ ቀና ብለው እያዩት፣ "ይህ ፊልም ተነሥቷል?" ብለው ጠየቁት። በዚያን ጊዜ በመንገደኛ ሻንጣ የሚገባ ዕቃ በቃል ተነግሮ መዳቢው ራሱ ነበር የሚጽፈው። ታናሹ "ተነሥቷል" አለ። ደንቡ ሁለት ጥቅል ለናሙና ወደ ቤተ ሙከራ ተልኮ እንዲታጠብ ያዛልና የትኞቹን ሁለት ቢወስዱበት እንደሚሻለው ሲጠይቁት፣ የቤተ ሙከራው ሰዎች በአጣጠብ ሊያበላሹት እንደሚችሉ፣ ሙሽራይቱ እናቷ በሠርጉ ሳምንት እንደሞቱባትና ከእናቷ ጋር የተነሣችው በየትኛው ጥቅል እንደሆነ እንደማያስታውስ ነገራቸው። ይህን ሲሰሙ የዚያ ትልቅ ሰው ፊት ተለወጠ። ሁለቱን ጥቅል በፖስታ አሽገው፣ ፈርመውበት፣ ወንድማቸው የሙሽራይቱን ፎቶ ለይቶ እስኪያጥብና በምትካቸው የማይጎዳ ጥቅል እስኪያመጣ ድረስ ብለው በመሳቢያቸው አስቀመጡት። በሃያ ዓመት ሥራቸው ደንቡን ለጊዜውም ቢሆን ያቆዩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያቆዩትም ለወንድማቸው ብለው ሳይሆን በዓለም ላይ ላልነበረች ሙሽራ አዝነው ነው።

ታናሹ ምትክ ጥቅል አላመጣም። እሳቸው ሁለት ጊዜ አስታወሱት፣ እሱም ሁለት ጊዜ ነገ አለ። በዚያው ሰሞን ለክፍሉ ኃላፊነት ታጭተው ስለነበር ለሹመቱ መዝገብ የሚሆን ፎቶግራፍ ለመነሣት ወደ ፎቶ ቤቱ መጡ፤ ኮሌታቸውን አስተካክሎ፣ አገጫቸውን በጣቱ ቀና አድርጎ አነሣቸው። ያነሣቸውም ከእነዚያ ጥቅሎች በአንዱ ነው። አሁን ከአስከሬናቸው ራስጌ የቆመው፣ ሁላችሁም እየተሳለማችሁት ያለፋችሁት ፎቶግራፍ ያ ነው።

በሦስተኛው ወር መርማሪ መጥቶ የክፍሉን መሳቢያዎች ሲፈትሽ ፖስታውን አገኘው። ሁለቱ ጥቅሎች ታጠቡ፤ አንድ ጥላ እንኳ የሌለባቸው እንደ ውኃ የጠሩ ሆነው ወጡ። ወንድማማቾቹ በአንድ ቀን ተጠሩና ታላቁ በፊት ገቡ። ታናሹ በኮሪደሩ ላይ በእንጨት አግዳሚ ተቀምጦ፣ አሁን እውነቱን ይነግሩታል፣ እኔም እታሠራለሁ፣ ፎቶ ቤቱም ይወረሳል እያለ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ተራው ደርሶ ሲገባ መርማሪው የታላቅ ወንድሙን ቃል አነበበለት። መንገደኛው ፊልሙ ያልተነሣ መሆኑን በትክክል ነግሮኛል፤ በተነሣው መስመር ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው ይላል። መርማሪው ይህ እውነት መሆኑን ጠየቀው። ታናሹም "አዎ" አለ።

እንግዲህ መስመሩ እዚህ ላይ ነው። ልጃቸው በሁለተኛው ገጽ እንዲህ ብላ ጽፋለች፤ "አባታችን በሥራ ዘመናቸው አንድ ጊዜ ብቻ ለወንድማቸው ፍቅር ሲሉ ሕግ ጥሰዋል፤ እኛ ልጆቻቸው ግን በዚህ አናፍርባቸውም።" ይህ መስመር ይሰረዝ። በምትኩ ይህ ይጻፍ፤ አባታችሁ ለማንም አላደሉም። ተታለው ነው። ያታለላቸው ደግሞ ከመጀመሪያ ደመወዛቸው ካሜራ የገዙለት ወንድማቸው ነው፤ በእሳቸው ቃል ተሸፍኖ የቀረጡን ልዩነት ብቻ ከፍሎ፣ ሳይታሠር፣ ሳይዋረድ፣ ፎቶ ቤቱን አስፋፍቶ፣ ከእናንተ ጋር በአንድ ማዕድ እየበላ ሠላሳ ዓመት ኖረ። የዋሹትም ቢሆን እሱን ለማዳን በገዛ ራሳቸው ላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሹመቱ ቀረ፣ ደመወዛቸውም ተቀነሰ። ከምደባ ክፍል ወርደው በጭነት መኪና ሚዛን ላይ ተመደቡና ጡረታ እስኪወጡ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአቧራና በናፍታ ጭስ መካከል፣ በአንዲት የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ቁጥር ሲመዘግቡ ኖሩ። ጋሼ አንቀጽ የሚለው ስምም ቀርቶ ሾፌሩም ተሸካሚውም ጋሼ ወንድሜ ይላቸው ጀመር። ታናሹ በዚያ በኩል ሲያልፍ ይህን ስም በጆሮው ሰምቷል፣ አንገቱን ደፍቶም አልፏል። እሳቸው ግን አባታቸው የሰፉላቸውን የታሪፍ መጽሐፍ ይዘው ወርደው ነበርና፣ ከባድ ዕቃ የገጠማቸው ወጣት መዳቢዎች የሻይ ሰዓት እየጠበቁ ወደ ሚዛኗ ጎጆ ይወርዱ ነበር፤ ሌላ ሰው የሚፈርምበትን ውሳኔ እሳቸው በእርሳስ ጽፈው ይሰጧቸው ነበር። ከመካከላችሁ ዛሬ ትልልቅ ኃላፊዎች የሆናችሁ ይህን ታውቃላችሁ፤ ሊመሰክር የሚፈልግ ካለ ጊዜው አሁን ነው።

ትልቋ ልጃቸው በአባቷ መሥሪያ ቤት በመዳቢነት የተቀጠረች ዕለት የጋሼ ወንድሜ ልጅ ነሽ ወይ ተብላ ተጠይቃለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዘመድ ብቻ ሳይሆን የጎረቤት ዕቃ እንኳ በጠረጴዛዋ እንዳያልፍ ትጠነቀቃለች፤ የአጎቷን የካሜራ መለዋወጫ አንድ ሳምንት አስጠብቃ ምደባውን ለሌላ መዳቢ ያስተላለፈችበት ጊዜ አለ፣ አጎትየውም ተቀይሞ ነበር። ይታያችሁ፣ ተቀየመ! እሷ የአባቷን ስህተት እንዳትደግም ስትፈራ የኖረችው አባቷ ያልሠሩትን ነው።

ሟቹ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ፎቶ ቤቱ ይመጡ፣ ወንበር ስበው ይቀመጡ፣ የሚታጠቡትን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያዩ ይህ ሠርግ ነው፣ ይህ ልደት ነው እያሉ ይለዩለት ነበር። ታናሹ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ መርማሪው ዘንድ እሄዳለሁ ይላል፤ ሰዓቱ ያልፋል፣ ይሸኛቸዋል። ፊልም ቀስ በቀስ ከገበያ ጠፋ፣ ቀረጡም ተነሣለት፤ ያ መስመር በመጽሐፉ ውስጥ ዛሬም አለ፣ የሚጠይቀው ግን የለም።

ባለፈው ዓመት በኩላሊት ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ፤ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ቀንም ሌትም ሳይለዩ አስታመዋቸዋል። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ታናሹ ከአልጋቸው አጠገብ ብቻውን ሲቀር እንደምንም ጀመረ፤ ጋሼ፣ ያን ጊዜ ፊልሙ፣ ከማለቱ እጃቸውን አነሡ። ያ ፋይል ተዘግቷል አሉት፤ የተዘጋ ፋይል የሚከፍተውም ሥልጣን ያለው ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሲከነክናቸው እንደኖረ ነገሩት። እነዚያ ሁለቱ ጥቅሎች ሳይነሡ ታጠቡ፤ ታጥበዋልና ያልተነሡ አይባሉም፣ ፎቶ የለባቸውምና የተነሡ አይባሉም፤ ታዲያ በየትኛው መስመር ነው የሚመደቡት? ይህን ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ባለ ሦስት ቀዳዳው አዝራር ነው የሆነባቸው። ታናሹ አብሯቸው ሳቀ፣ ከዚያም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አለቀሰ፤ ሊለው የመጣውን ግን አልጨረሰም። ከሦስት ቀን በኋላ ዓርብ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አንባቢው ፋይሉን ለመክፈት ሥልጣን የለውም። ቢሆንም ከፍቶታል፤ ዘግተውት የሄዱት ለእሱ አዝነው ነው፣ እሱ ዝም ካለ ግን የሚጎዱት እሳቸውና ልጆቻቸው ናቸው። መሥሪያ ቤቱም የዛሬው ቃል በጽሑፍ እንዲደርሰው ተደርጓል፤ ፊርማው ከሥሩ አለ።

እኚህ ታማኝ የቀረጥ መዳቢ፣ አርባ ሦስት ዓመት በፍቅር አብረዋቸው የኖሩትን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። አንድ ታናሽ ወንድምም ትተዋል።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለሐዘንተኛው ሁሉ ፈጣሪ መጽናናትን ይስጥ፤ የእሳቸውንም ነፍስ ቃላቸውን ጠብቀው ከኖሩ ደጋጎች ጋር ያሳርፍልን። እስካሁን በሌላ ሰው ስም ሲነበብ ነበር፤ የቀረችው አንዲት ቃል ግን በራሴ አንደበት መነገር አለባት። በዚያ ቀን በአዳራሹ ቀና ብለው አዩኝ፣ ጠየቁኝ፤ መልሱ ይኸው።

አልተነሣም ነበር፣ ጋሼ።